«ስፓይደርማን ለልጄ ይሆናል ወይ?» ለምትሉ ወላጆች



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱን ለሁላችሁም እዚሁ ልመልሰው። ጠያቂዋ የደብረ ብርሃን ነዋሪና የ9 ዓመት ልጅ እናት ናቸው። «ዶክተር፣ ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ፕሌይስቴሽን ቤት እየገባ ስፓይደርማን የሚባል ነገር ይጫወታል። አባቱ ‹የሰይጣን ነገር ነው፣ ይቅርበት› ይላል። ታላቅ ወንድሙ ደግሞ ‹ሰው የሚያድን ጀግና ነው፣ ምን ችግር አለው?› ይላል። እርስዎ ምን ይላሉ?»

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ለ9 ዓመት ልጅ ያ ጌም አይሆንም። ለ14 ዓመት ልጅ፣ ወላጁ ምን እንደሚጫወት ካየና አብሮት ካወራበት፣ ሊሆን ይችላል። ግን ከጥያቄው ውስጥ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ «ስፓይደርማን» የሚለው ቃል አይደለም፤ «ፕሌይስቴሽን ቤት እየገባ» የሚለው ነው። ለምን እንደሆነ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ።

ጌሙን ያላያችሁት ትኖራላችሁ። ዛሬ ልጆቻችን «ስፓይደርማን» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ኢንሶምኒያክ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት የሠራውንና በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣውን የፕሌይስቴሽን ጌም ነው። በ2020 ማይልስ ሞራሌስ የሚባለው ጥቁር ታዳጊ ዋና ተዋናይ የሆነበት ወጣ፣ በ2023 ደግሞ ሁለተኛው ክፍል መጣ። ተጫዋቹ በኒውዮርክ ፎቆች መካከል በድር እየተንጠለጠለ ይወነጨፋል፣ ወንበዴ ይደበድባል፣ አደጋ ላይ ያለ ሰው ያወጣል። ስፓይደርማን ሰው አይገድልም። የመታውን በድር ጠፍሮ ለፖሊስ ይተወዋል። ደምም ቢሆን እንደ ሌሎቹ የድብድብ ጌሞች አይረጭበትም። እስከዚህ ድረስ ታላቅ ወንድምየው እውነት አለው።

አባትየው ደግሞ «ሰይጣን» የሚለውን ከልጁ አፍ ሰምተውት ከሆነ አልፈርድባቸውም። በጌሙ ውስጥ ነጭ ጭምብል ያጠለቁ ወንበዴዎች አሉ፤ የቡድናቸው ስም በእንግሊዝኛ «አጋንንት» ማለት ነው። ነገሩ የሽፍታ ስም እንጂ አምልኮ አይደለም። የኔ ክርክር ከዚህ ጋር አይደለም።

ታሪኩን እስከ መጨረሻው ለሚጫወት ልጅ ግን ከድብድቡ የከበደ ነገር ይጠብቀዋል። በ2018ቱ ጌም መካከል ላይ ለሽልማት የተሰበሰበ ሕዝብ መሃል ቦምብ ይፈነዳል፤ ፖሊስ የነበረው የማይልስ አባት እዚያው ይሞታል። ወደ ማብቂያው ከተማውን ተላላፊ በሽታ ይወርረዋል። ስፓይደርማንን ያሳደገችው አክስቱ ሜይ ትታመማለች። እጁ የገባው መድኃኒት ጥቂት ነው፤ ለእሷ ቢሰጣት ለሕዝቡ የሚባዛው አይተርፍም። እሱም ለሕዝቡ ይሰጠዋል። አክስቱ ትሞታለች።

እንደ ሐኪም ይህን ክፍል ወድጄዋለሁ። ጥቂት መድኃኒትና ብዙ በሽተኛ ምን ማለት እንደሆነ እኛ አገር ያለ የጤና ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል። የ15 ዓመት ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች እራት ላይ «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ብለው ቢጠይቁት ከአንድ ሰዓት ምክር የበለጠ ከልጃቸው ጋር ያገናኛቸዋል። የ8 እና የ9 ዓመት ልጅ ግን ይህን አይሸከምም። እሱ የሚያየው ያሳደገችው ሴት በአልጋ ላይ ስትሞትና ልጇ ማዳን እየቻለ ሳያድናት ሲቀር ነው። ማታ አልጋው ላይ ይዞት የሚገባው ያንን ነው።

ይህን ዝም ብዬ የግሌ አድርጌ እንዳላወራችሁ፣ ጌም ሲሸጥ ሽፋኑ ላይ የዕድሜ ምልክት አለ። አሜሪካኖቹ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ አውሮፓውያኑ ደግሞ ከ2003 ጀምሮ ጌሞችን በዕድሜ የሚመድብ ድርጅት አላቸው። ይህንኑ የ2018 ስፓይደርማን አሜሪካኖቹ ለ13 ዓመትና ከዚያ በላይ ሲሉት አውሮፓውያኑ 16 ብለውታል። ልዩነቱ አይግረማችሁ። የዕድሜ ምልክት እንደ ደም ምርመራ ውጤት አይደለም፣ የአንድ ማኅበረሰብ ግምት ነው። እኛም የራሳችንን ግምት መጨመር እንችላለን፤ ግን ሁለቱም 9 አላሉም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የጀግናው ስም ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ባትማንን ውሰዱ። በ2015 የወጣው «አርካም ናይት» የሚባለው የባትማን ጌም አሜሪካ ውስጥ ለ17፣ አውሮፓ ውስጥ ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ የተባለ ነው፤ ጨለማና ጭካኔ የበዛበት። በሌጎ የተሠራው ባትማን ደግሞ በአውሮፓ 7 ዓመት ለሞላው ልጅ የተፈቀደ፣ የሚመታው ሁሉ እንደ መጫወቻ ጡብ የሚበታተን፣ የሚያስቅ ጌም ነው። ያው ባትማን፣ ያው ካባ። ልጃችሁ «ባትማን ነው የምጫወተው» ሲላችሁ «የትኛውን?» ብላችሁ ጠይቁ። የማርቬል ጀግኖችን ስፓይደርማንን ጨምሮ ያሰባሰበው በ2013 የወጣው የሌጎ ጌምም እንዲሁ ለትንንሾቹ የሚሆን ነው፤ ሁለት ሰው አብሮ ይጫወተዋል። አባት ከልጁ ጋር ቢቀመጥበት አያፍርም።

አሁን ወደ እኛ ኑሮ እንምጣ። ሽፋኑን ማን ያያል? ልጁ ጌም ቤት ገብቶ ሲቀመጥ ጌሙ ቀድሞ ማሽኑ ላይ ተጭኗል። ወይ ከአዲስ አበባ ለበዓል የመጣ የአጎት ልጅ ስልኩ ላይ ጭኖ አምጥቶታል። አንኮበር ላይ በዓል በመጣ ቁጥር አንድ ስልክ ላይ ስድስት ልጅ ተደፍቶ ታያላችሁ። እዚያ ቁጥርም ምልክትም የለም። ስለዚህ ሌላው አገር ለካርቶኑ የተወው ሥራ እኛ ጋ ወላጅ ላይ ወድቋል ማለት ነው።

«ድብድብ ያለበት ጌም ልጄን ተደባዳቢ ያደርገዋል?» የሚለው ሁሌም የሚመጣ ጥያቄ ነው። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2020 እ.ኤ.አ. ጥናቶቹን ገምግሞ የደረሰበት ድምዳሜ ለእኔ ሚዛናዊ ነው። ድብድብ ካለባቸው ጌሞች ጋር እንደ መጮህና መገፍተር ያሉ ባሕርያት ትንሽ ግንኙነት አላቸው፤ ጌም ወንጀለኛ ያደርጋል ለማለት ግን በቂ ማስረጃ የለም። ስለዚህ ታናሽ እህቱን በካራቴ የሚጥል ልጅ ካላችሁ ጌሙን መቀነስ ተገቢ ነው፤ «ወንበዴ ሊሆንብኝ ነው» ብሎ መደናገጥ ግን አያስፈልግም።

እኛ ጋ ግን እዚያ ጥናት ውስጥ የሌሉ ልጆች አሉን። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ቤታቸውን ጥለው የወጡ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ በመጠለያ ያደጉ፣ ከዚያም በኋላ የተኩስ ድምፅ የለመዱ ልጆች። ለእነዚህ ልጆች የቦምብ ፍንዳታ ያለበት ጌም እንደ ሌላው ልጅ «ጌም» ላይሆን ይችላል። ጌም ካዩ በኋላ ሌሊት የሚባንኑ፣ ደርቆ የነበረ የአልጋ ሽንት የተመለሰባቸው፣ በር ሲንኳኳ የሚደነግጡ፣ ወይም ያዩትን ነገር ደጋግመው በጨዋታ የሚያስመስሉ ከሆነ ጌሙን ዝም ብሎ መከልከል አይበቃም። ልጁ የተናገረው ያለው ነገር አለ ማለት ነው። ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ወስዳችሁ አስመርምሩት፤ የአእምሮ ጤና ክፍል መግባት «እብድ» አያሰኝም። በተቃራኒው ደግሞ አንዳንድ እንዲህ ያለ ልጅ ሰው የሚያድን ጀግና ሆኖ መጫወቱ ያረጋጋዋል። ስለዚህ ፍርዱ ከልጁ እንጂ ከጌሙ ስም አይጀምርም።

ሌላው ሐኪም የሚያየው ነገር መዝለል ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ሐኪሞች የሱፐር ሂሮ ልብስ ለብሰው በጣም አደገኛ ነገር ሲሞክሩ ክፉኛ የተጎዱ አምስት ሕፃናትን ታሪክ በሕክምና መጽሔት አውጥተው ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ነገሩ ግን ይገባናል። ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ ልብሱን ሲለብስ ኃይሉም የሚመጣ ይመስለዋል። እኛ ጋ ልብሱ ባይኖርም ነጠላ በአንገት ላይ ታስሮ ካባ ይሆናል፤ የቆርቆሮ ጣሪያውም፣ አንኮበር ከሆናችሁ ደግሞ ገደሉም አለ። ለትንንሾቹ «እሱ ሥዕል ነው፣ እውነተኛ ሰው ቢዘል ይሰበራል» ብላችሁ በግልጽ ንገሯቸው። ተራ ነገር ይመስላል፣ ግን ብዙ ሰው አይናገረውም።

ወድቆ ክንዱ ካበጠ ወይም ከተጣመመም ቀጥታ ወደ ጤና ተቋም። ወጌሻ ጠበቅ አድርጎ አስሮት ጣቶቹ የቀዘቀዙ፣ የደነዘዙ ወይም የጠቆሩ ልጅ ካላችሁ ነገን አትጠብቁ። ማሰሪያውን አላሉ፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ። እጅ የሚቆረጠው ከስብራቱ ይልቅ በዚህ ነው።

አሁን ወደ ጌም ቤቱ ልግባ፤ ዋናው ሐሳቤ እዚህ ነውና።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ብርዱን ታውቁታላችሁ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ መስኮት የሚከፍት ጌም ቤት አላየሁም። አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ሦስት አራት ቴሌቪዥን፣ አሥራ አምስት ልጅ፣ የተዘጋ መስኮት፣ አንዳንዴም ሲጋራ። እኔ እዚያ በር ላይ ስቆም የሚታየኝ ስፓይደርማን አይደለም፤ ጉንፋን፣ አስምና ቲቢ ነው። የሳንባ ቲቢ የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው፤ ለእሱ ከታፈነ ክፍል የሚመች ቦታ የለም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ልጅ ካላችሁ፣ የሚውልበትን ቦታ ለሐኪሙ መንገር አትርሱ።

ከዚያ ገንዘቡ አለ። ክፍያው በጨዋታ ወይም በሰዓት ነው። ልጁ የምሳ ብሩን ይሰጣል፤ ምሳ አልበላም ማለት ነው። «ልጄ አልወፍር አለ፣ የምግብ ፍላጎት የለውም» ብለው ለሚመጡ እናቶች አሁን አሁን «ምሳ ብሩን የት ያደርሰዋል?» ብዬ መጠየቅ ጀምሬአለሁ። ስልክ ላይ የሚጫወቱትም ከዚህ አያመልጡም፤ ነፃ የሚባሉት ጌሞች መሃል የቁማር ማስታወቂያ ይገባል፣ የሚገዛ ነገርም ይቀርባል። የቴሌብር የይለፍ ቁጥራችሁን ልጃችሁ እንደማያውቅ እርግጠኛ ሁኑ። አብዛኛው ያውቃል።

አጠገቡ ማን እንደሚቀመጥም አስቡ። በአንድ ክፍል የ9 ዓመቱ ልጅ ስፓይደርማን ይጫወታል፣ ጎኑ የ20 ዓመቱ ወጣት አንገት የሚበጠስበትን ጌም ይጫወታል። ለሕፃኑ የትኛውን ጌም እንደመረጣችሁለት ለውጥ የለውም፤ ዓይኑ ያለው ጎረቤቱ ቴሌቪዥን ላይ ነው። በኳስ ጌም ላይ ብር ማስያዝ የሚጀመረውም እዚያው ነው።

ስለ ብልጭታ ደግሞ ለብቻው ልጻፍ፤ ብዙ ቤተሰብ አያውቀውምና። የሚጥል በሽታ ካለባቸው 100 ሰዎች መካከል 3 ያህሉ በፍጥነት ብልጭ ድርግም በሚል ብርሃን ሊነሳባቸው ይችላል፤ ይህም በልጆችና በታዳጊዎች ላይ ይበዛል። በታኅሣሥ 1997 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ፖኬሞን የተባለው የካርቱን ፊልም ቀይና ሰማያዊ ብልጭታ ያለበት ክፍል በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ወደ 700 የሚጠጉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ ወደ ሆስፒታል ተወስደዋል። የሱፐር ሂሮ ጌሞች ደግሞ ፍንዳታና መብረቅ ይወዳሉ። የማይልስ ዋና ኃይል ራሱ ኤሌክትሪክ ነው። ልጃችሁ የሚጥል በሽታ ካለበት ሐኪሙን ሳታማክሩ እንዲህ ያለ ጌም አትፍቀዱለት። የሚጫወትም ከሆነ መብራት በበራበት ክፍል፣ ከቴሌቪዥኑ ራቅ ብሎ፣ ጠግቦ ተኝቶ በነጋ ቀን ይሁን። ዓይኑ ላይ እንግዳ ነገር ከተሰማው አንድ ዓይኑን በመዳፉ ሙሉ በሙሉ ሸፍኖ ፊቱን ያዙር።

ልጅ ጌም ቤት ውስጥ ቢወድቅስ? ክብሪት ጭሮ ማሽተት አይጠቅምም። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ። በጎኑ አስተኙት፣ ጭንቅላቱ ሥር ጋቢ ወይም ጃኬት አድርጉ፣ አንገቱ ላይ የጠበቀ ነገር ፍቱ፣ ሰዓት ያዙ። 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ከተደጋገመ፣ ወይም ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ወደ ሕክምና ውሰዱት። ጠበል ለምትወስዱ ቤተሰቦች፦ ውሰዱ፣ እኔ አልከለክልም። ግን የታዘዘለት ኪኒን አይቋረጥ። ኪኒኑ በድንገት ሲቋረጥ በሽታው ከቀድሞው ብሶ ይመለሳል፣ ሕይወትም ያሳልፋል።

ስለ እንቅልፍ ብዙ አልልም። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለው ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ከመኝታ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ጌም አይኑር። ስልኩ ከልጁ ጋር አልጋ ውስጥ አይደር። ከ5 ዓመት በታች ላሉት የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያወጣው መመሪያ አለ፤ አንድ ዓመት ላልሞላው ምንም ስክሪን፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው በቀን ከአንድ ሰዓት አይብለጥ፣ ቢያንስ ደግሞ የተሻለ ነው ይላል። «ዝም እንዲልልኝ» ብላችሁ ስልክ የምትሰጡ እናቶችን አልቆጣም፤ እንጀራ እየጋገሩ ልጅ መያዝን አውቀዋለሁ። ግን ልማድ አይሁን።

«ሱስ ሆኖበታል» የምትሉኝም አላችሁ። ብዙ መጫወት ብቻውን ሱስ አይባልም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የጌም ሱስ ገብቷል፤ መለኪያውም ልጁ ማቆም ሲያቅተው፣ ጌሙ ከትምህርቱም ከምግቡም ከጓደኛውም ሲቀድምበት፣ ጉዳቱን እያየም ሲቀጥል ነው። ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ያህል መታየት አለበት። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት የተጫወተና ሰኞ ትምህርቱን በአግባቡ የሚማር ልጅ ሱሰኛ አይደለም። ትምህርት ቤት በተዘጋበት ጊዜ ጌም ላይ የዋለ ልጅም፣ ሲከፈት ወደ ክፍሉ ከተመለሰ፣ የሚሠራው ያጣ ልጅ ነበር እንጂ በሽተኛ አይደለም።

ታዲያ ለልጃችን እንዴት እንወስን? የእኔ ዘዴ ቀላል ነው። ግማሽ ሰዓት አጠገቡ ተቀመጡ። አትናገሩ፣ እዩ። ከዚያ «ይሄ ማን ነው? ለምን ይመታዋል? ሲሸነፍ ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁት። ልጆች ጌማቸውን ማስረዳት ይወዳሉ። ታሪኩን በደንብ ካስረዳችሁና ሲያጠፋው ፊቱ ደህና ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። ጌሙ ሲዘጋ የሚያለቅስ፣ ዕቃ የሚወረውር፣ ወይም የሚጫወተውን ከእናንተ የሚደብቅ ከሆነ ገና ነው፤ ዕድሜው 15 ቢሆንም ገና ነው።

ለትንንሾቹ ከሌጎው በተጨማሪ የአገራችንንም ሥራ እዩ። ቅኔ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት የሠራው «ኩኩሉ» የሚባል የስልክ ጌም አለ፤ ልጁ የሚያመልጥ ዶሮ ሆኖ የሚሮጥበት ነው። ድርጅቱ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቶታል። ጀግና ለሚወዱት ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. በአማርኛም የወጣ «ጀምበር» የሚባል የሥዕል መጽሐፍ አለ፣ ጀግናው የአዲስ አበባ ወጣት ነው። ከመስጠታችሁ በፊት እሱንም ቢሆን ገልጣችሁ እዩት፤ የእኛ ስለሆነ ብቻ ለሕፃን ይሆናል ማለት አይደለም።

ጌም ቤት ያላችሁ ወንድሞች፣ ይህን ገጽ የምትከታተሉ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ሥራችሁን እንድትዘጉ አልጠይቅም፤ ብዙዎቻችሁ ሥራ አጥታችሁ በራሳችሁ የፈጠራችሁት ነው። የምጠይቀው አራት ነገር ነው። በብርድም ቢሆን መስኮቱን ክፈቱ። ክፍሉ ውስጥ ሲጋራ አይጨስ። ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ በትምህርት ሰዓት ሲመጣ መልሱት። አንገት የሚቆረጥበትን ጌም ሕፃናት በሚገቡበት ሰዓት አትክፈቱ፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ትልልቆቹ ይጫወቱበት፣ ሕፃናቱም በዚያ ሰዓት ቤታቸው ይግቡ። ይህን የሚያደርግ ጌም ቤት ደብረ ብርሃን ውስጥ ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ለሚጠይቁኝ ወላጆች እጠቁመዋለሁ። እናንተም ወላጆች ጥያቄ ስትልኩ የልጁን ዕድሜና የጌሙን ሙሉ ስም ጨምሩልኝ፤ «አንድ የሚዘል ሰው ያለበት» የሚል ብቻ ሲደርሰኝ ለማግኘት ሌሊቱን እፈጃለሁ።